ከደንገሉ ማዶ ዝም ያለው መጥበሻ

ጓደኛዬ አንድ ጥያቄ ጠይቆ እስኪጨርስ አንድ ቆሮሶ ዓሣ ይበስላል። ለማጋነን ብዬ አይደለም፤ በጆሮዬ የሰማሁት ነው። ጣና ሐይቅ ዳር፣ ዓሣ ጠባሾቹ በተደረደሩበት፣ ማዳመጫዬን አድርጌ ተቀምጬ ነበር። እሱ «እንግዲህ እማማ» ብሎ ሲጀምር ከደንገል ሣር ከተሠራው መጋረጃ ማዶ ያለችው ሴት ዓሣውን ዘይት ውስጥ ጣለችው። «ምን ይላሉ?» ብሎ ሲጨርስ ዓሣው ወጥቶ ሰሃን ላይ ነበር።

ፖድካስቱን የጀመርነው ሁለት ሆነን ነው። እሱ ድምፅ አለው፤ እኔ የለኝም። እሱ ይጠይቃል፤ እኔ እቀዳለሁ፣ እቆርጣለሁ፣ አጸዳለሁ። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም። ኢንተርኔቱ ደህና በሆነ ሰዓት ቪዲዮ እያወረድሁ፣ እያበላሸሁና እንደገና እየጀመርሁ ነው የለመድሁት። «ስቱዲዮ» የምንለው ሹም አቦ ሰፈር የተከራየሁት ክፍል ነው። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ቸንክሬአለሁ። ከጎናችን የብረት በር የሚበይድ ሰው ስላለ የምንቀዳው እሱ ምሳ ሲወጣ ነው። በያጁ ምሳውን ቶሎ የበላ ቀን ፖድካስታችንም አጭር ይሆናል።

በያጁን ግን እችለዋለሁ። ያልቻልሁት የእንግዶቻችንን አማርኛ ነው። ሰው ማይክ ፊት ሲቀመጥ ምን እንደሚነካው አላውቅም። በሩ ላይ ጭቃውን እያራገፈ «ኧረ ይሄ ባጃጅ ነጂ ዛሬ ሊጨርሰኝ ነበር!» እያለ፣ እየሳቀ የገባ ሰው፣ የመቅጃዬ ቀይ መብራት ስትበራ ጉሮሮውን ይጠርግና «እንግዲህ ከዘርፉ አኳያ በአሁኑ ሰዓት ከመቼውም ጊዜ በተሻለ ሁኔታ» ማለት ይጀምራል። ፀጉር አስተካካዩ እንዲህ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ቀራጩም እንዲህ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ያበላሸችውን ቀሚስ ነገር እንድታጫውተን ብትጠየቅ «ተግዳሮቶች ነበሩ፤ በቅንጅት ተፈትተዋል» አለች። ከማን ጋር እንደ ተቀናጀች እስካሁን አላውቅም። ቀሚሱስ ምን ሆነ? የማን ነበር? ባለቤቱ ስታየው ምን አለች? ለብሳው ሄደች ወይስ ጥላላት ሄደች? እኔ ጥጌ ላይ ተቀምጬ ይህን ሁሉ እጠይቃለሁ፤ በሆዴ። ጓደኛዬ ወረቀቱን ያይና ወደሚቀጥለው ይሻገራል። «ለወጣቱ ምን መልእክት ያስተላልፋሉ?»

ይህችን ጥያቄ እጠላታለሁ። አንድ ቀን እንግዳው ከወጣ በኋላ ነገርሁት።

«ወጣቱ እኔና አንተ ነን» አልሁት። «መልእክት ደርሶህ ያውቃል?»

«አንተ ደግሞ! ሰው አዳምጦ የሆነ ነገር ይዞ መሄድ አለበት።»

«የሰውየውን ነገር ይዞ ይሂዳ።»

«የቀሚስ መበላሸት ነው ነገር? ፋራ አትሁን ጀለሴ፤ እኛ እኮ ኮንተንት ነው የምንሠራው።»

«ቀሚሱ ምን እንደ ሆነ አንተ ራስህ ማወቅ አትፈልግም?»

ትንሽ አሰበ። «አልፈልግም» አለ።

መዋሸት አይችልም፤ ይህን ጠባዩን እወድለታለሁ። ያበገነኝም ይኸው ነው። ማወቅ የማይፈልገውን ይጠይቃል። የሚጠየቀውም ሰው ጠያቂው ማወቅ እንደማይፈልግ ገና ሲጀመር ይገባዋል፤ ስለዚህ መናገር የማይፈልገውን ይናገራል። ሁለቱ ተከባብረው ይለያያሉ። እኔ ቁጭ ብዬ መከባበራቸውን ኤዲት አደርጋለሁ።

ነገሩ የእሱ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚህ ከተማ ሰው ሲገናኝ «እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ሰላም ነህ፣ ጤና ነህ፣ ቤተሰብ ደህና» ብሎ ይወርዳል፤ መልስ የምትገባበት ቀዳዳ አይተውም። ልጅ ሳለሁ ወደ ቤታችን የሚመጡት የአባቴ የፋብሪካ ጓደኞች «ስንተኛ ክፍል ነህ?» ይሉኝ ነበር። እኔ ነገር የምጠነቅቅ ልጅ ነኝና ክፍሌን፣ ምድቤን፣ የክፍል አለቃችንን ጠባይ ጭምር ለመንገር አፌን ስከፍት ፊታቸው ወደ አባቴ ዞሯል። ዝም ማለት የለመድሁት ከዚያ ይመስለኛል። ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው ዓይኑን ነው፤ መልሱን ይጠብቃል ወይስ ጠይቆ ሄዷል?

ዓሣ ጠባሿን ያገኛቸው ጓደኛዬ ነው። «ጠንካራ ሴቶች» የሚል ተከታታይ ክፍል አስቦ ነበር። ሴትዮዋ ከሐይቁ ዳር የሙስሊም ቤተሰብ ናቸው። ወንዶቻቸው መረብ ሲጥሉና ጀልባ ሲሠሩ፣ እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምረው ዓሣ ጠብሰው ሲሸጡ ኖረዋል። ገና ስንጠይቃቸው እሺ አሉን። በአንድ ነገር ብቻ አስቸገሩን።

«እዚሁ» አሉ። «እዚሁ ከምጠብስበት።»

ስቱዲዮ እንዲመጡልን ለመንኋቸው። በባጃጅ እንወስድዎታለን፣ በባጃጅ እንመልስዎታለን አልሁ። እምቢ ካሉ ከዚያ ዛፍ ሥር፣ እሱም ካልሆነ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል አልሁ።

«እዚሁ፣ ልጄ። ከዚህች መጋረጃ አጠገብ።»

መጋረጃው የእሳቸውን ቦታ ከሚቀጥለው ዓሣ ቤት የሚለይ የደንገል ግርዶሽ ነው። ማዶው ሌላ ሴት ትጠብሳለች፤ ዘይቱ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ይንጫጫል። ባሕር ዳርን ዞሬ ለድምፅ ከዚያ የባሰ ቦታ ብፈልግ አላገኝም። እንዲህም ሆኖ ለምን እዚያ እንዳሉ አንዳችንም አልጠየቅንም። ሰው መጠየቅ ሥራችን ነው የምንል ሁለት ጎረምሶች፣ «ለምን?» የምትል አንዲት ቃል ከአፋችን አልወጣችም። አሁን ሳስበው እንኳ ያንገበግበኛል።

በኋላ ያወቅሁትን አንባቢው ከአሁኑ ይወቀው፤ እኛ የተደናበርነው ይበቃል። ማዶ የምትጠብሰው ታናሽ እህታቸው ናት፤ በዕድሜ ብዙ የምታንሳቸው። እናታቸው ከሞቱበት ቀን ጀምሮ አይነጋገሩም። ጎን ለጎን ይጠብሳሉ፤ ጭሳቸው አንድ ላይ ይወጣል። ደንበኛ በዝቶ ሰሃን ሲያንሳቸው ግን ሦስተኛ ቤት ሄደው ይለምናሉ እንጂ እርስ በርስ አይጠያየቁም። የታላቅየዋ ልጅ ኒካህ በመጪው እሑድ ነበር፤ የሙሽራዋ እናት ደግሞ ልጃቸውን ያለ አክስቷ መዳር ሞት መስሎ ታያቸው። ሽማግሌ ላኩ። ታናሺቱ ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብላ፣ ዓሣ አብልታ፣ «ነገሩን ከራሷ ካልሰማሁ አልመጣም» ብላ ሸኘቻቸው። ታላቅ እህት ደግሞ ተነሥታ፣ እንዳጠፋ ሰው፣ ታናሿ ደጅ ሄዳ አትቆምም። ሰው ቢጠይቃት ግን ለጠያቂው ትመልሳለች፤ መልሱ በመጋረጃው ቢያልፍ ማን ይከሳታል? ማይካችንን የፈለጉት ለዚህ ነበር። የሚያስፈልጋቸው አንድ የሚጠይቅ ሰው ብቻ ነው። አላህ የላከላቸው ጓደኛዬን ነው።

ማይኩን ሳጥን ላይ ተከልሁት። ነፋሱ እንዳያስቸግረኝ ካልሲ አለበስሁት።

«ንጹሕ ነው?» አሉ ሴትዮዋ ካልሲውን እያዩ።

«ታጥቧል፣ እማማ።»

«ከአፌ አጠገብ ስለሆነ ነው። ለማን እግር እንደማወራ ልወቅ ብዬ።»

ጨዋታ ይችላሉ። መብራቷ ሳትበራ በፊት አንዱን ጎረምሳ ደንበኛ «ጭንቅላቱን ለማን ትተዋለህ? ብላው እንጂ፤ ትንሽ ይጨመርልህ» ብለውት ሰው ሁሉ ሲስቅ ሰምቻለሁ። እንዲህ እያሉ ቢቀጥሉልን ብዬ በሆዴ ለመንሁ። መብራቷን አበራሁ።

«እንግዲህ እማማ» አለ ጓደኛዬ፣ «ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ እንደ መሆኑ መጠን፣ በውስጡም በርካታ የዓሣ ዝርያዎችን የያዘ እንደ መሆኑ መጠን፣ ከእምቦጭ አረም ጋር ተያይዞ ደግሞ ተግዳሮቶች ያሉበት እንደ መሆኑ መጠን፣ እርስዎ እንደ አንድ ጠንካራ ሴት፣ እንደ እናት፣ እንደ ሥራ ፈጣሪ፣ ከዚህ አንጻር የሥራ ጅማሮዎ ምን ይመስላል፣ ምን ዓይነት ውጣ ውረዶችን አልፈዋል፣ ለዚህ ስኬትስ እንዴት ሊበቁ ቻሉ፣ ምን ይላሉ?»

ሴትዮዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ወየው አልሁ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «የዓሣ ሀብታችንን ከማልማት አኳያ፣ በመጀመሪያ ይህን ዕድል ለሰጣችሁኝ ምስጋናዬን እያቀረብሁ...»

ያ የጭንቅላት ቀልድ የት ገባ? ከየት ነው ይህን አማርኛ የሚያመጡት? ቤታቸው ውስጥ አስቀምጠውት ነው እንግዳ ሲመጣ የሚያወጡት?

መጀመሪያ ላይ የተናደድሁት በማዶው መጥበሻ ነው። ዘይቱ ሲንጫጫ የጓደኛዬ ድምፅ ዝናብ ውስጥ የቆመ ሰው ድምፅ ይመስላል። የጄኔሬተር ድምፅ ቢሆን አወጣው ነበር። የሚጠበስ ዓሣ ግን ከሰው ድምፅ ጋር ተጣብቆ ነው የሚገባው፤ እሱን አወጣለሁ ስትል የተናጋሪው «ሰ» እና «ሸ» አብሮ ይወጣል፤ ሰውየው ጥርስ የሌለው ይሆናል። ስለዚህ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚሻለኝ ለማወቅ ማዳመጫውን በሁለት እጄ ተጭኜ መስማት ጀመርሁ።

አንድ ነገር ገረመኝ። ጓደኛዬ ሲናገር ዘይቱ ይንጫጫል። ሴትዮዋ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ይቆማል። ዓሣ በስሎ ሲያልቅ እንደሚቀንሰው ቀስ ብሎ አይደለም፤ ዓሣው ከዘይት ሲነሣ እንደሚሆነው፣ ባንዴ ጭጭ። መልሱ እስኪያልቅ ጭጭ። ጓደኛዬ «እንግዲህ» ሲል ቸሽሽ።

አጋጣሚ ነው ብዬ ሌላ ጥያቄ ጠበቅሁ። ያው ሆነ። አንዴ ሴትዮዋ መልሱን መሃል ላይ አቁመው ውሃ ጠጡ። ማዶም መጥበሻው ዝም እንዳለ ቆያቸው። «ኧረ እትዬ፣ የኔ ዓሣስ?» ሲል አንድ ደንበኛ ሰማሁ። «ቆይ!» ስትለው ሰማሁ፤ በሹክሹክታ።

የእኛን ፖድካስት እንዲህ አድርጎ ያዳመጠ ሰው አይቼ አላውቅም። ማን ናት? ምን ልትሰማ ነው እንዲህ ዓሣዋን የምታቀዘቅዘው? ከዚያ ወዲያ የጓደኛዬ ጥያቄ ጆሮዬ አልገባም። ሴትዮዋን ማየት ጀመርሁ። እሳቸውም ሲመልሱ ወደ ጓደኛዬ አያዩም፤ አንገታቸው ወደ ደንገሉ ዘንበል ይላል፣ ድምፃቸው ለሁለት ሰው ከሚበቃው በላይ ከፍ ይላል።

በዚያ በሪፖርት አማርኛቸው መካከል ደግሞ አልፎ አልፎ አንዲት የሰው ቃል ጣል ያደርጋሉ። ሥራውን ከማን ለመዱት ሲባሉ «ከእናታችን» አሉና ጠበቁ። ለእንግዳ ሰሃን አቅርቦ እጁን እስኪዘረጋ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር አጠባበቃቸው። ጓደኛዬ ወረቀቱን ገለጠ። «ከቁጠባ ባህል አኳያስ?»

ቆየት ብለው ደግሞ ስለ ቁጠባ እየመለሱ፣ ምንም ሳይገናኝ፣ «ሥራ ፈትቼ አላውቅም። እናቴ የሞተች ጊዜ ብቻ ነው መጥበሻ ያላነሣሁ» አሉ። ማዶው ጭጭ እንዳለ ነው። እኔ ከመቀመጫዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝ። በል ጠይቃቸው! ምን ሆነው ሞቱ በል፣ ማን ነበር አጠገባቸው በል፣ የፈለግኸውን በል!

«ነፍስ ይማር» አለ ጓደኛዬ። «ወደ ሌላ ጥያቄ ስንሻገር፣ ለወጣቱ ምን መልእክት ያስተላልፋሉ?»

ወጣቱ እንዲሠራ መከሩ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ ነበር፤ ደንገሉን የሚያልፍ አይመስለኝም።

ከዚያ የመጨረሻዋ መጣች። «ያልጠየቅኩዎትና ማለት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዕድሉን ልስጥዎት?» ጓደኛዬ ይህችን ጥያቄ የሁሉም ነገር ማካካሻ አድርጎ ያያታል። ምግብ እንኳ «ብሉ» ሲባል «በቅቶኛል» በሚባልበት አገር፣ ተለምኖና ተገፍቶ በሚጎረስበት አገር፣ ማን ነው ዕድሉን ልስጥዎት ሲባል ሆዱን የሚያወጣው?

«ኧረ የለም» አሉ ሴትዮዋ። «አላህ ይስጣችሁ።» ቢላቸውን አንሥተው አንድ ዓሣ ሳቡ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ የመጨረሻው መኪና ጥሎት የሄደ ሰው ፊት ነው።

ጓደኛዬ እጁን ወደ ማይኩ ዘረጋ። ፖድካስቱ ከተጀመረ ጀምሮ ማይክ ፊት አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም።

«እማማ» አልሁ፣ «ከመጋረጃው ማዶ የምትጠብሰው ማናት?»

ጓደኛዬ እግሬን ረገጠኝ። ሴትዮዋ ቢላቸውን አቆሙት።

«ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እርስዎ ሲናገሩ መጥበሻው ይቆማል። ማን እንደ ሆነች ማወቅ ፈልጌ ነው።»

«ይቆማል?»

«በያንዳንዱ መልስዎ ይቆማል። እሱ ሲናገር ነው የሚጠበሰው።»

ይህን አላወቁም ነበር። በባዶ ጆሮ ያ ሰፈር ሁሉ አንድ ጫጫታ ነው። ወደ ደንገሉ አዩ። ማዶ እንኳን ዘይት፣ ሰው ያለም አይመስል።

«እህቴ ናት» አሉ። አሁን ጉሮሯቸውን አልጠረጉም።

«ተኳርፋችሁ ነው?»

«እሷ ናት የኮረፈችኝ። እናታችንን ሳላሳያት ቀበርሁባት።»

«ለምን አልጠበቋትም?»

እንዲህ ብዬ ስጠይቅ ራሴን ፈራሁት። ሴትዮዋ ግን አልተቆጡም። አንድ ሰው ይህን እስኪጠይቃቸው ስንት ጊዜ በልባቸው እንደ ደጋገሙት ያስታውቃል፤ ሳይደናቀፉ ነው የነገሩኝ። እናታቸው የሞቱት ጎሕ ሲቀድ ነው። እህትየዋ ርቃ ይፋግ ከተማ ከባሏ ቤተሰብ ጋር ነበረች። ወንዶቹ እኩለ ቀን ላይ እንቅበር አሉ፤ በእስልምና ሬሳ አይቆይም። እሳቸው እህቴ ትምጣ ብለው ለምነው እስከ ዐስር ሰላት፣ ከሰዓት በኋላ ድረስ፣ አስቆዩ። ክረምት ነው፤ ስልኳ አይገባም። በመጨረሻ ከይፋግ አንድ ስልክ ተደወለ፤ መኪና አጥታለች፣ አድራ ነው የምትመጣ አላቸው የደወለው ሰው። እናታቸው ተገንዘው ወጡ። ሰው ከቀብር ሲመለስ እህትየዋ ደረሰች፤ በለቀስተኛው ፊት «ሳላያት ቀበርሻት!» ብላ ጮኸች። ያ የመጨረሻ ንግግራቸው ሆነ።

«አንተ ልጅ!» አለ ከማዶ አንድ ድምፅ።

«አቤት!»

«ለዚያች ሴት ንገራት። የደወለው ማን ነበር በላት።»

ደንገሉ የጣት ውፍረት የለውም። ሴትዮዋን አየኋቸው። እሳቸውም ያዩኛል፤ እስክነግራቸው እየጠበቁ።

«የደወለው ማን ነበር ይላሉ» አልሁ።

«የባሏ አጎት ነው በላት።»

«የባልዎ አጎት ነው ይላሉ።»

«ምን ብሎ ደወለ በላት።»

«ምን ብሎ...»

«መኪና አጥታለች፣ ዝናብ ነው፣ ጠዋት ትመጣለች አለኝ በላት። በመንገድ መሆኗን ባውቅ በሩ ላይ እተኛ ነበር፤ ረግጠውኝ ይውጡ እል ነበር በላት!»

«የባልዎ አጎት መኪና አጥታለች፣ ዝናብ...»

«ሰምቻለሁ!» አለች ከማዶ። «እኔ ደንቆሮ ነኝ?»

ከሁለቱ በየትኛዋ እንደምናደድ ጠፋኝ። ሰው ሁሉ ዓሣውን ትቶ እኔን ያያል።

«ያ አጎት ምን ያውቃል?» አለች ማዶ ያለችው፤ ድምፅዋ ተቀይሯል። «ለእሱስ መች ነገርሁት? ለማንም ሳልናገር ወጥቼ ሩዝ የጫነ መኪና ላይ ነው የተሳፈርሁ። ከጆንያው በላይ፣ በዚያ ዝናብ። ንገራት።»

«በሩዝ መኪና ነው የመጣሁት...»

«በሩዝ መኪና?» አሉ ሴትዮዋ፣ እኔን ሳያስጨርሱ። «በዚያ ዝናብ? በእርጥብ ልብስ ነበር እንዴ የገባችው? እኔ ይህን መች ሰማሁ!»

«አልጠየቀችኝማ በላት!»

«እሷስ እኔን መች ጠየቀችኝ በላት!»

ይህን ሁሉ ጊዜ፣ አንዷ ለምን አልጠበቅሽኝም ብላ አልጠየቀች፣ አንዷ እንዴት መጣሽ ብላ አልጠየቀች። ሰፈሩ በሙሉ የቱ ወገን እንደ ሆነ ለይቶ ተቀምጧል፤ ሽማግሌውም ታረቁ ብሎ ተመለሰ እንጂ የጠየቀ የለም። ንዴቴ ከጓደኛዬ አልፎ ወደ ከተማው ሁሉ ዞረ።

ጓደኛዬ በዚህ መሃል ነቅቷል። ዓይኑ ፈጥጦ «ይሄ ነው! ይሄ ነው! እየቀዳህ ነው አይደል?» ይለኛል። ከዚያ አላስችለው አለና ወደ ማይኩ ጠጋ። «እንግዲህ ከግጭት አፈታት ባህላችን አኳያ...»

«ዝም በል!» አሉት፤ ከወዲህም ከወዲያም፣ ባንድ ድምፅ።

ሴትዮዋ በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እሑድ የልጄ ኒካህ ነው በላት» አሉኝ፣ ቀስ ብለው።

ነገርሁ።

«እዚያ ዕቃ ውስጥ የገባው ይውጣ» አለች ማዶ ያለችው። «የእናቴ ቀብር በየሰው ስልክ ሲዞር እየሰማሁ ሠርግ ቤት አልቀመጥም። ከወጣ እመጣለሁ።»

«እትዬ፣ ስም አንጠራም» አለ ጓደኛዬ ወደ ደንገሉ እየጮኸ። «ድምፅም እንቀይራለን! ሕዝቡ ይማርበታል!»

«ሕዝቡ ሌላ ቦታ ይማር!»

ሴትዮዋ ምንም አላሉኝም። አጥፋው ማለት ከብዷቸው ይሆናል፤ እሺ ብለው ያስቀዱ እሳቸው ናቸውና። እኔን ብቻ ያያሉ። መቅጃውን በእጄ ይዤዋለሁ። ውስጡ ያለው ከዚያ በፊት ከቀዳነው ሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ሁለት ሰው ጉሮሮውን ሳይጠርግ ሲናገር። የትኛዋ ላይ እንደምቆርጠው፣ የትኛዋን ዝምታ ሳልነካት እንደምተዋት ሁሉ አስቤ ጨርሻለሁ። የጓደኛዬን ጥያቄዎች አውጥቼ መጣል ብቻ ነበር የቀረኝ።

«እንዳትሞክረው» አለኝ ጓደኛዬ። «ወላሂ ብለሃል እኔና አንተ አበቃልን።»

«ወላሂ አላልሁም።»

«እኔ ብያለሁ!»

ታናሺቱ መጋረጃውን ዞራ መጣች፤ እጇ እስከ ክንዷ ዱቄት ነው። እህቷን አላየችም። እኔ ላይ ቆመች። «አሳየኝ» አለች። አሳየኋት። አጠፋሁት።

«ወጣ?»

«ወጣ፣ እትዬ።»

«ሌላ ቦታ አልተደበቀም?»

«አልተደበቀም።»

«የእሱ ስልክ ውስጥስ?»

ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ባዶውን አሳያት። ከዚያ ሌላ ሳጥን ስቦ ተቀመጠና ጀርባውን ሰጠን። እኔ ማይኩን ነቀልሁ፣ ሽቦውን ጠቀለልሁ፣ ካልሲውን አወጣሁ። የምሠራው ሲያልቅ ቀና አልሁ። ሁለቱ እህትማማቾች በመጥበሻው ግራና ቀኝ ቆመው ይተያያሉ።

«ከስተሻል» አሉ ታላቅየዋ።

«አንቺ ወፍረሻል» አለች ታናሺቱ። ከዚያ ዓይኗን ወደ እሳቱ መልሳ «እሑድ ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«እሑድን ተዪውና ቅዳሜ ነይ። ሽንኩርት የሚከትፍልኝ ሰው የለኝም።»

«አሃ! ለሽንኩርት ነው ለካ ሽማግሌ ስትልኪብኝ የነበረው?»

«ለሽንኩርት ነው። ምን መሰለሽ? ቢላሽን ይዘሽ ነይ፤ የኔ ዶልዱሟል።»

«የአንቺ መች ተስሎ ያውቃል፣ እታለም።»

ታላቅየዋ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ከቆምሁበት አልለየሁም። ጓደኛዬ ሳጥኑ ላይ እንደ ተቀመጠ በክርኑ ጎሸመኝ። «ይህችን እንኳ» አለኝ በሹክሹክታ፣ «ይህችን የሽንኩርቷን ብቻ ቅዳት፤ ቀብር የለባት፣ ምን የለባት!»

«ባትሪው አልቋል» አልሁት። አላለቀም ነበር።